የመጠጥ ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ገንዘቡን ከማን እጅ ይቀበል?

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ነቢዩ ኤልሳዕ የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን ከለምጹ ካነጻው በኋላ፤ የቀረበለትን ወርቅና ብር ልብሱንም አልቀበልም ብሎ እንደ መለሰው፤ ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ በጌታው ስም ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ እንደ ተቀበለ፤ የንዕማንም ለምጽ በእርሱ ላይ እንደ ተመለሰበት በዚህ ጉባኤ የማያውቅ የለም። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረጐመው ስለ ስስት ነው። ነገር ግን ሌላ ቁም ነገርም አለበት፤ ይኸውም ሰውን ለመፈወስ የተነሣ ሰው ከማን እጅ ሊቀበል እንደሚገባው፤ ከማን እጅ ቢቀበልስ ፈውሱ ራሱ እንደሚበላሽ የሚያሳስብ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በመጠጥ የተጐዱትን ለማንሣት በተቋቋሙ ማኅበሮች ላይ ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ ለምጽ ነጋዴ የለውም፤ ወባም ነጋዴ የለውም፤ የመጠጥ ሕመም ግን ነጋዴ አለው። ጠማቂው፣ አከፋፋዩ፣ ሻጩ፣ በማስታወቂያ የሚያስመኘው፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ቀረጡን የሚሰበስበው መንግሥት ከዚያው ከጠርሙሱ ይበላሉ። እንግዲህ ሰካራሙን ለመርዳት የተነሣ ማኅበር እጁን ወደ የትም ቢዘረጋ፤ በቅርብም በሩቅም ከጠርሙስ የመጣ ገንዘብ ያገኘዋል። እንቢ ያለ እንደ ሆነ የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን፣ የወደቀውን ሰው አንድ ሌሊት የሚያሳድርበትን ያጣል። እሺ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ አፉ ይያዛል። በአገራችን በልቶ ወጭት ሰባሪ መባል ትልቅ ነውር ነውና፤ የመጠጥ ነጋዴውን እንጀራ የበላ ማኅበር ስለ መጠጥ ጕዳት በሙሉ አፉ ሊናገር አይችልም። ክፉ ሰው ስለ ሆነ ሳይሆን ምስጋና የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ ይከብደዋል።

ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በልዩ ልዩ መንገድ መልሰውታል። ከእነርሱም የአይርላንዱ ካህን፣ የአሜሪካኖቹ ሁለት ሰካራሞችና የእንግሊዝ ሕግ ከዚህ በታች ይነገራሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአይርላንድ በኮርክ ከተማ አባ ቴዎባልድ ማቲው የተባሉ፤ በ1790 የተወለዱ የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ ነበሩ። ዊልያም ማርቲን የሚባል የኩዌከር እምነት ተከታይ ከድኾቹ መካከል በመጠጥ የሚጠፉትን እያሳየ አጥብቆ ስለ ለመናቸው፤ ኤፕሪል 10 ቀን 1838 መጠጥ ፈጽሞ ላለመቅመስ በመዝገብ ላይ ስማቸውን በፊርማቸው አኖሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማመን የሚያስቸግር ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ በየከተማውና በየገጠሩ ሕዝቡ በሺህ በሺህ እየተንበረከከ በእርሳቸው ፊት ቃል ኪዳን ይገባ ጀመር። የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሲሆን፤ ቃል የገቡት በሚሊዮን ይቈጠራሉ ተባለ። አንድ ሰው ደጋግሞ ቃል ይገባ ነበርና ቍጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል፤ ነገር ግን ከ1839 እስከ 1842 ባለው ጊዜ ቀረጥ የተከፈለበት የአረቄ መጠን በአይርላንድ በግማሽ ያህል ስለ ቀነሰ ወሬው ባዶ እንዳልነበረ ይታወቃል።

የገንዘቡ ነገር ግን እንደ ስብከቱ አልተሳካም። ቃል የገባ ሰው ሁሉ ማስታወሻ የሚሆነው ሜዳልያ ይሰጠው ነበር። ያለው ዋጋውን ይከፍላል፤ ድኻው በነጻ ይወስዳል፤ ድኾቹም ከባለጠጎቹ እጅግ ይበዙ ነበር። አባ ማቲው በእጃቸው የገባውን ሁሉ ለለመናቸው ይሰጣሉ። ገቢና ወጪውን የሚጽፍ የታመነ መጋቢ፣ ሒሳቡን የሚመረምር ጉባኤ ከአጠገባቸው አልነበረም። ጠላቶቻቸው በሜዳልያ ንግድ በለጸጉ እያሉ ያሟቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ዕዳው በላያቸው ላይ ይከመር ነበር። በመጨረሻ በ1844 በደብሊን ከተማ ለሕዝቡ ቃል ኪዳን ሲያስገቡ ሳሉ በዕዳ ተያዙ። እንደሚነገረው የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ቃል እንደሚገባ ሰው ከፊታቸው ተንበርክኮ ቡራኬ ከተቀበለ በኋላ የመያዣውን ትእዛዝ አውጥቶ አሳያቸው። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ገንዘብ አዋጣላቸው፤ ነገር ግን ዕዳው ፈጽሞ አልተለቀቃቸውም። በ1847 የንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት በዓመት 300 ፓውንድ የጡረታ ድጎማ ቈረጠላቸው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ማለት ይገባል። የአረቄ ቀረጥ ለዚያው መንግሥት ትልቅ ገቢ ነበረ፤ ሕዝቡን ከአረቄ የሚለዩትም መነኵሴ የዕለት ጕርሳቸውን ከዚያው መንግሥት ሣጥን ተቀበሉ። ይህ እርሳቸውን ለመንቀፍ አይነገርም፤ የተራበውን ሲያበሉ የተራቡ ሰው ነበሩና። ከ1845 ጀምሮ የወረደው የአይርላንድ ረኃብና የሕዝቡ ስደትም ሥራውን እጅግ ጐድቶታል። ነገር ግን ረኃቡ ባይመጣም ኖሮ፤ የዚያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ማኅበር በአንድ ሰው ኪስና በአንድ ሰው ጤና ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እርሳቸው በ1856 ባረፉ ጊዜ ሥራውን በተመሳሳይ ኀይል የሚይዝ አልተገኘም። ቃል ከገባው ሕዝብ መካከል እያንዳንዱ በወር አንዲት ሳንቲም ብቻ በሥርዓት ቢያዋጣ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ማሰብ ያሳዝናል።

ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፤ በአሜሪካ ነገሩ ከካህን ሳይሆን ከሰካራሞቹ ከራሳቸው ተጀመረ። ዊልያም ዊልሰን የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ነበረ፤ በመጠጥ ምክንያት ሥራውንም ክብሩንም አጥቶ በሆስፒታል ተኝቶ ከዳነ ጥቂት ወራት ሆኖታል። በሜይ 1935 ለንግድ ጉዳይ ወደ ኦሃዮ አገር ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። ብቻውን በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ የመጠጥ ክፍሉን ሣቅና ጫጫታ በሰማ ጊዜ ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። ወዲያው ግን በአዳራሹ ከተጻፉት የአብያተ ክርስቲያን ስሞች አንዱን መርጦ ወደ አንድ ቄስ ስልክ ደወለ፤ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲፈልግለትም ለመነ። በዚህ መንገድ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ከተባለው የከተማው ሐኪም ጋር ተገናኙ። ሐኪሙም እንደ እርሱ በመጠጥ የተሸነፈ ነበረ። ዶክተር ስሚዝ የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ የሚባልበት ቀን፤ ጁን 10 ቀን 1935፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው፤ ማለት ስማቸውን የሚሰውሩ የመጠጥ ሕሙማን ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይከበራል። ሥራቸውም አንዱ የዳነ ሌላውን የወደቀ ፈልጎ ታሪኩን እየነገረ ማንሣት ነበር።

ሁለቱም በዚያን ጊዜ ድኾች ነበሩ። የዊልሰን ሚስት በሱቅ ተቀጥራ ቤቱን ታስተዳድር ነበር። ዊልሰን የታከመበት ሆስፒታል ባለቤት ቻርልስ ታውንስ ይህን አይቶ፤ በሆስፒታሉ ክፍል እሰጥሃለሁ፤ ሰካራሞችን እያነጋገርህ ደመወዝህን ውሰድ የሚል አሳብ አቀረበለት። ነገሩ ቅን ነበር፤ የሚያሳፍርም አልነበረም። ዊልሰን ደስ ብሎት ሄዶ በቤቱ ለሚሰበሰቡት ወንድሞቹ ነገራቸው። እነርሱ ግን አልተደሰቱም። እስካሁን ሰካራም ሰካራምን በነጻ ሲረዳ ቈየ፤ ከእንግዲህ አንዱ ደመወዝ ቢበላበት የሌላው ነጻ ድካም ምን ይባላል? የታመመውስ ሰው የሚያነጋግረውን እንደ ወንድም ያየዋል ወይስ እንደ ሠራተኛ? ብለው ጠየቁት። ዊልሰንም ሰማቸው፤ ደመወዙንም ተወው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ምናልባት ይህ ነው፤ የተራበ አለቃ በተከታዮቹ ምክር እንጀራውን መልሷልና።

ነገር ግን ዊልሰን ገንዘብን ጨርሶ የናቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በ1937 መጨረሻ የዳኑትን ቈጥረው አርባ ያህል መሆናቸውን ባዩ ጊዜ፤ ሆስፒታሎች ሊሠራ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው መልእክተኞች ሊልክ፣ መጽሐፍ ሊያሳትም አሰበ። ለዚህም በዓለም በሀብቱ ከታወቀው ከጆን ሮክፌለር ዘንድ መንገድ ተፈለገ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከሮክፌለር አማካሪዎች ጋር ተቀምጠው ታሪካቸውን ተናገሩ። ከሰሚዎቹ አንዱ፤ የሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን የባለአደራዎች ጉባኤ ሊቀ መንበር አልበርት ስኮት፤ ገንዘብ ይህን ነገር አያበላሸውምን? ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከሰካራሞቹ አለመምጣቱ፤ ከባለጠጋ ወገን መምጣቱ የሚያስደንቅ ነው። ከአማካሪዎቹ አንዱ አክሮን ድረስ ሄዶ ካየ በኋላ 50,000 ዶላር እንዲሰጥ ሮክፌለርን ቢያሳስበው፤ ሮክፌለር የሰጠው 5,000 ዶላር ብቻ ነበር። እርሱም በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት ተቀምጦ፤ አብዛኛው ለዶክተር ስሚዝ የቤት ዕዳ ዋለ፤ የቀረው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ለሁለቱ ተሰጠ። ብዙ ሊሰጥ የሚችል ሰው ጥቂት መስጠቱን በዚያን ጊዜ እንደ ንፍገት የቈጠሩት ሳይኖሩ አልቀሩም።

በ1938 ባለአደራዎች ተመርጠው መባ የሚቀበል ድርጅት ተቋቋመ፤ መባው ግን አልመጣም። በኤፕሪል 1939 የማኅበሩን ስም የያዘው መጽሐፍ በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ዋጋ ታተመ፤ ለማሳተሚያውም በ25 ዶላር አክሲዮን ሸጠው ነበር። መጽሐፉ በመጀመሪያ ሳይሸጥ ተከመረ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1940 ሮክፌለር በኒውዮርክ ታላላቅ ባለጠጎችን ለዚሁ ጉዳይ እራት ጠራ። እርሱ ታሞ ስለ ነበር ልጁ ኔልሰን በስፍራው ቆመ። ሰካራሞቹ በየማዕዱ ተከፋፍለው ታሪካቸውን ሲናገሩ እንግዶቹ እጅግ ተነኩ፤ ዊልሰንና ጓደኞቹም የድኽነታቸው ፍጻሜ ደረሰ ብለው ልባቸው ዘለለ። በመጨረሻ ኔልሰን ተነሥቶ፤ ይህ ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃድ ነውና ገንዘብ አያስፈልገውም የሚል ቃል ተናግሮ እንግዶቹን አሰናበተ። ያ ሁሉ ሀብት ባርኔጣውን አንሥቶ በበሩ ሲወጣ ያዩ ሰዎች ምን እንደ ተሰማቸው መናገር አያስፈልግም። ሮክፌለር ኋላ 1,000 ዶላር ጨምሮ ሰጠ፤ ለእንግዶቹም ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያም በየዓመቱ 3,000 ዶላር ያህል ለጥቂት ዓመት ይመጣ ነበር። ያም የጽሕፈት ቤቱን መብራት ለማብራት ያህል ነው።

ስለዚህ ዓይናቸው ወደ ራሳቸው ኪስ ተመለሰ። በስብሰባቸው ፍጻሜ ባርኔጣ ይዞር ነበር፤ በባርኔጣውም የሚገባው ሳንቲም ነበር። ዊልሰን ስለዚህ ኋላ የተናገረው አንድ ነገር አለ። በኒውዮርክ በ24ኛው መንገድ በነበረው ቤታቸው አንድ ማታ የቤቱ ባለቤት ኪራዩን አጥብቆ ጠይቆ ስለ ነበር፤ ዛሬስ እባካችሁ ጨመር አድርጉ ተባለ። ዊልሰን በዚያው ዕለት ለአንድ ለወደቀ ሰካራም አምስት ዶላር ሰጥቶ በልግስናው ልቡ ሞልቶ ነበር። ባርኔጣው በደረሰው ጊዜ ግን እጁን በኪሱ ከቶ የግማሽ ዶላር ሳንቲም አወጣ፤ ደግሞ መለሰውና ዐሥር ሳንቲም ጣለ። ኋላም በዚህ አፈረ። ነገሩን ሲያስቡት፤ ለወደቀው ሰው የሚሰጥ ሰው ምስጋናውን በፊቱ ያያል፤ ለኪራይ የሚሰጥ ግን የሚያመሰግነው የለም። በሙዳየ ምጽዋትና በለማኝ እጅ መካከልም ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ይህንንም የደብር አስተዳዳሪዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

በማርች 1941 ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው ታላቅ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ሰፊ ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ፤ ከየቤቱ በሺህ የሚቈጠር የልመና ደብዳቤ መጣ። መልስ የሚጽፍ ሰው መቅጠር ግድ ሆነ። ያን ጊዜ ባለጠጋ አልፈለጉም፤ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ዶላር እንዲሰጥ ለየጉባኤው ጻፉ። የፈለገ ሰጠ፤ ያልፈለገ ተወ፤ ያልሰጠውም አልተባረረም። በ1945 ባለአደራዎቹ ለሮክፌለርና ለእራቱ እንግዶች፤ እስካሁን ስለ ረዳችሁን እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ በራሳችን እንችላለን የሚል ደብዳቤ ላኩ። ባለጠጋ ለማኝን ሲያሰናብት የተለመደ ነው፤ ለማኝ ባለጠጋን አመስግኖ ሲያሰናብት ግን ብዙ አይታይም።

የቈረጡት አሳብ ወዲያው በፈተና ተመረመረ። በ1948 አንዲት ሴት ስትሞት 10,000 ዶላር በኑዛዜ ተወችላቸው። በዚያው ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ጐድሎ ነበር፤ ጉባኤዎቹም በሙሉ አያዋጡም ነበር። ባለአደራዎቹ ተቀምጠው ረዥም ክርክር ተከራከሩ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እንቀበል ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ግን ይህ ከተቀበልን በየኑዛዜው የተጻፈው ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ ሣጥኑ በሞላ ጊዜም ሰዎቹ የሰካራሙን ነገር ትተው ስለ ሣጥኑ ይጣላሉ አሉ። በመጨረሻ ገንዘቡን መለሱ። ለጊዜው ላየው ሰው፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለውን ተረት የሚያስታውስ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፤ በ1950 በክሊቭላንድ በተደረገው ታላቅ ስብሰባ፤ እያንዳንዱ ጉባኤ በራሱ አባሎች መዋጮ ይተዳደር፤ ከውጭ ያለውን መባ አይቀበል የሚለው ሥርዓት ከሌሎቹ ሥርዓቶች ጋር በአባሎቹ ፊት ጸደቀ። ከአባሎቹም ቢሆን አንዱ ባለጠጋ ማኅበሩን እንዳይገዛው በዓመት ሊሰጥ ለሚችለው ገንዘብ ወሰን ተደረገለት።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳያጐድሉ መናገር ይገባል። ማኅበሩ በባርኔጣው ብቻ አልኖረም። በመጀመሪያ ሳይሸጥ የተከመረው መጽሐፍ ኋላ በሚሊዮን ስለ ተሸጠ፤ የኒውዮርኩ ጽሕፈት ቤት ከመጽሐፍ ሽያጭ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። መሸጥ መለመን አይደለምና ነጻነታቸውን አልነካባቸውም፤ ቢሆንም ራሳችንን ቻልን ሲሉ ይህም መታወስ አለበት። ሁለተኛም፤ ይህን መንገድ የመረጠ ማኅበር ሆስፒታል አይሠራም፤ ሐኪም አይቀጥርም፤ ሕግ እንዲሻሻል አይከራከርም። ዊልሰን በ1937 ያለመው ሆስፒታል ሁሉ ቀርቷል። የነጻነቱ ዋጋ የሥራው መጥበብ ነው።

ይህም ሥርዓት ወደ እንግሊዝ አገር በተሻገረ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ገጠመው። በዚያ አገር ሕግ የበጎ አድራጎት ባለአደራዎች ለሥራው የሚጠቅም ስጦታ ሲመጣ እንዲሁ እንቢ ሊሉ አይቻላቸውም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደርሶ፤ በ1986 ለዚህ ማኅበር ብቻ የሚሆን፤ ስጦታንና ኑዛዜን ለመመለስ የሚያስችለው ሕግ ወጣ። ገንዘብ ለማግኘት ወደ ሸንጎ የሄደ ማኅበር ብዙ ነው፤ ገንዘብ ላለመቀበል ሸንጎ ያስቆመ ግን ከዚህ በቀር በቀላሉ አይገኝም።

ምርመራና ትምህርት የሚሻ ሥራስ? ለዚያ የባርኔጣ ሳንቲም አይበቃም። የእንግሊዝ አገር መልስ የሚነሣው ከ1904 ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት የመጠጥ ቤቶች በዝተዋል ብሎ የማያስፈልጉትን ለመዝጋት ሕግ አወጣ። ፈቃዱ ያልታደሰለት ባለመጠጥ ቤት ካሣ እንዲያገኝ ተወሰነ፤ ካሣው ግን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ፈቃድ ካላቸው መጠጥ ቤቶች ሁሉ በሚሰበሰብ መዋጮ እንዲከፈል ሆነ። ብዙ ዓመት አልፎ ይህ ሥርዓት ጊዜው ባለፈበት ጊዜ በሣጥኑ የተረፈ ገንዘብ ተገኘ። በ1981 በወጣው ሕግ ያ ትርፍ ስለ መጠጥ ጕዳት ለሚደረግ ትምህርትና ምርመራ እንዲውል ለአንድ ጉባኤ ተሰጠ። ያ ጉባኤ ኋላ ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሆነ፤ በ2017 አልኮሆል ኮንሰርን ከተባለው ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ ከ2018 ጀምሮም አልኮሆል ቼንጅ ዩኬ ይባላል። ከ2013 ጀምሮ ብዙ ሕዝብ በጃንዋሪ ወር መጠጥ የሚተውበትን ልማድ የሚመራ ይህ ነው፤ ከመጠጥ ነጋዴዎችም ስጦታ አይቀበልም።

አንድ አስተዋይ ሰው፤ የመነሻው ገንዘብ ሁሉ ከመጠጥ ቤት የመጣ አይደለምን? እንዴትስ ንጹሕ ሊባል ይችላል? ብሎ ይጠይቃል። የካህናት አለቆች ይሁዳ የጣለውን ሠላሳ ብር ከቤተ መቅደሱ መባ ጋር መጨመር አይገባም ብለው የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር እንደ ገዙበት ይታወሳል። የእነዚያ ሰዎች ልብ የጠመመ ቢሆንም የመሬቱ ጥቅም ለእንግዶቹ ቀርቷል። የ1904ቱም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ሻጮቹ በፈቃዳቸው የሰጡት ሳይሆን ሕግ የወሰደባቸው ነው፤ ከእነርሱም መካከል ዛሬ መጥቶ እኔ ሰጥቼህ ነበርና ዝም በል የሚል አንድ የለም። ገንዘቡ ከጠርሙስ መጥቷል፤ ገመዱ ግን ተበጥሷል። በዚያው አገር ከ2006 ጀምሮ ድሪንክአዌር የተባለ ሌላ ድርጅት አለ፤ እርሱም የሚኖረው መጠጥ ሠሪዎችና ሻጮች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው። ሠራተኞቹ ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያስተምሩትም ጠቃሚ ነገር አለ። ነገር ግን በየዓመቱ የሚታደስ ስጦታ በየዓመቱ ሊቀር የሚችል ስጦታ ነው። ስለ ነጻነቱ ሐኪሞችና መርማሪዎች ደጋግመው ጥያቄ ያነሡበትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የሚመረመረው ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ዛሬ በማን እጅ ነው የሚለው ይብሳል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ዕድር ምንድን ነው? ባለጠጋውም ድኻውም በየወሩ እኩል ከፍለው፤ በሞት ጊዜ እኩል የሚቀበሩበት ነው። ሀብታሙ ብዙ ስለ ከፈለ ጡሩንባው ሁለት ጊዜ አይነፋለትም። የአሜሪካው ባርኔጣና የእኛ ዕድር በዚህ ወንድማማቾች ናቸው። ስለ መጠጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን የእኛ ችግር በራሱ መንገድ ይከብዳል። የማኅበሩ ጽዋ፣ ዝክሩ፣ ሰንበቴው ብዙ ጊዜ ያለ ጠላ አይታሰብም፤ ከመጠጥ ለመለየት የሚታገል ሰው ፈተናው ከመጠጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ከቅዱሱ ስም በታችም ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል በ2019 በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን ተከልክሏል፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ተከልክሏል። ከዚያ በፊት የቢራ ማስታወቂያ ለብዙ ዝግጅት ትልቅ ገቢ ነበረ። በር የተዘጋበት ገንዘብ ሌላ በር መፈለጉ አይቀርምና፤ ለበዓልም ለሕንጻም ለድኾችም ልርዳ እያለ የሚመጣ እንደ ሆነ መልሱን አስቀድሞ መምከር የሰበካ ጉባኤ ፈንታ ነው።

ደብር የመጠጥ ሕሙማን እንዲሰበሰቡበት አዳራሹን ሊከፍት የወደደ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ይገጥመዋል። በብዙ አገር የዚያ የባርኔጣው ማኅበር ስብሰባዎች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና ምድር ቤት ይደረጋሉ። የየደብሩ አስተዳዳሪ በደግ ልብ፤ እናንተ ድኾች ናችሁ፤ ኪራዩ ይቅር ይላቸዋል። እነርሱ ግን አይሆንም ብለው፤ ሳንቲሙን ከባርኔጣው ቈጥረው በየወሩ ያመጣሉ። ገንዘቡ ለመብራቱ እንኳ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያን የሚያመጣ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት የልጆቹን እራት ለመጠጥ የሰጠ፣ ከጎረቤት የተበደረውን ያልመለሰ፣ ማንም በገንዘብ የማያምነው ሰው ነበረ። ዛሬ ከወንድሞቹ የተሰበሰበውን ይዞ በደብሩ ጽሕፈት ቤት በር ቆሞአል። የሚቀበለውም ሰው ገንዘቡን በፊቱ ቈጥሮ፣ በመዝገብ ጽፎ፣ ደረሰኝ ይስጠው።